ካርዱ የሚቀየር ፕሮቴክሽን ሪሌይ፦ ከጀርባው ሲታይ

ባለ 19 ኢንች ሞጁላር ፕሮቴክሽን ሪሌይ (በሚቀያየሩ ካርዶች የተሠራ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ብልሽትን ለይቶ ብሬከሩን ማለትም የኃይል መቁረጫውን የሚያስከፍት መሣሪያ) ለሽያጭ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው የፊቱ ስክሪን ነው፤ ቀጥሎ «በኋላ ይሰፋል» የሚባልላቸው ባዶ ስሎቶች (የካርድ ማስገቢያዎች) ይመጣሉ። ብሬከር የሚያስከፍቱት ግን ሁለቱም አይደሉም። የዚህ ዓይነት ሪሌይ ጥራት የሚለየው በጀርባው ነው፤ የትኛው ሥራ የትኛው ካርድ ላይ እንደተቀመጠና ካርዱ ሲወጣ ምን እንደሚከተል ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት የሲቲ (የመስመሩን ትልቅ ከረንት ለሪሌዩ አሳንሶ የሚያቀርብ ትራንስፎርመር) ካርዱ ይታይ። መስመሩ ጭነት ተሸክሞ ሳለ የሲቲው ሰከንደሪ (ወደ ሪሌዩ የሚሄደው ጥምጥም) ከተከፈተ ጫፎቹ ላይ በሺህ ቮልት የሚቆጠር ቮልቴጅ ሊፈጠር ይችላል። ሰው ይገድላል፣ ኢንሱሌሽን ይበሳል። ስለዚህ ካርዱ ሲወጣ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው ሾርት ማድረጊያ ስፕሪንግ ከካርዱ ጋር የሚወጣ ሳይሆን ተርሚናሉ ላይ የሚቀር መሆን አለበት። በካታሎግ ብቻ አይታመንም፤ ሪሌዩ ገና ሳይገጠም ካርዱን ስቦ እያንዳንዱን የሲቲ ጥንድ በኦም ሜትር መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ቢያልፍም ሥራ ላይ ባለ ፓነል ካርድ የሚወጣው ሲቲው መጀመሪያ በቴስት ብሎኩ (ለፍተሻ በተሠራው ማገናኛ) ሾርት ከተደረገ በኋላ ነው። ስፕሪንግ ያረጃል።

ቀጥሎ የኤዲሲው (የሚለካውን ከረንት ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) ስፋት። ባለ 16 ቢት ኤዲሲ 65,536 ደረጃዎች አሉት። ካርዱ የኖሚናሉን (የመደበኛ ከረንቱን) 50 እጥፍ ሳይቆርጥ እንዲያነብ ከተሠራ የሞገዱ ጫፍ 70.7 እጥፍ ይደርሳል፤ ከአሉታዊ ጫፍ እስከ አዎንታዊው ሲካፈል ባለ 1 አምፒር ሪሌይ ላይ አንዱ ደረጃ ወደ 2.2 ሚሊ አምፒር ይሆናል። 50 ሚሊ አምፒር የኧርዝ ፎልት (ከረንት ወደ መሬት የሚያመልጥበት ብልሽት) ሴቲንግ ለዚህ አያስቸግርም። 5 ሚሊ አምፒር ግን ከሁለት ሦስት ደረጃ ስለማያልፍ በኖይዝ ይዋጣል። ሴንሲቲቭ ኧርዝ ፎልት የሚፈልግ ሰው የራሱ ትንሽ ሲቲ ያለው የተለየ ኢንፑት ይጠይቅ፤ «በሶፍትዌር ይስተካከላል» የሚለው መልስ አያስኬድም።

የፊልተሩም ነገር እንዲሁ ነው። በ50 ሄርዝ በአንድ ዑደት 20 ናሙና የሚወስድ ሪሌይ በሰከንድ 1,000 ናሙና ይወስዳል። ከዚህ ግማሽ፣ ከ500 ሄርዝ፣ በላይ ያለው ከኤዲሲው በፊት ካልተቆረጠ 19ኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም የ50 ሄርዝ 19 እጥፍ የሆነው 950 ሄርዝ፣ ልክ 50 ሄርዝ መስሎ ይነበባል። አንዴ ከገባ በኋላ የትኛውም ስሌት አይለየውም።

የካሊብሬሽን (የልኬት ማስተካከያ) ቁጥሮቹ የት እንደተቀመጡም ይጠየቅ። አናሎግ ካርዱ ላይ ባለ ሜሞሪ ከሆኑ ካርዱ ተቀይሮ ሥራ ይቀጥላል። ሲፒዩ ካርዱ ላይ ከሆኑ ግን አዲስ ካርድ በአሮጌው ቁጥር ይነበባል፤ እንደገና ካሊብሬት እስኪደረግ ልኬቱ አይታመንም፤ የሞጁላርነቱም ጥቅም ግማሹ እዚያ ይቀራል።

ባይናሪ ኢንፑት (ምልክት አለ ወይም የለም ብቻ የሚያነብ መግቢያ) ላይ ብዙ ካርዶች ይወድቃሉ። የ110 ቮልት ባትሪ መሐሉ በሬዚስተር ኧርዝ ተደርጎ ሳለ የአንዱ ኢንፑት ገመድ ኧርዝ ቢነካ ኢንፑቱ ላይ ወደ 55 ቮልት ይደርሳል። ከ24 እስከ 250 ቮልት «ሁሉን ይችላል» ተብሎ በ20 ቮልት የሚነሳ ካርድ ይህን እንደ እውነተኛ ምልክት ይቀበላል፤ ኢንፑቱ ትሪፕ (ብሬከር የማስከፈት ትዕዛዝ) የሚያስከትል ከሆነ ብሬከሩ ያለ ፎልት ይከፈታል። 77 ቮልት አካባቢ የሚነሳ ይሻላል፤ ባትሪው ወደ 88 ቮልት ወርዶ እንኳ ይሠራል።

የትሪፕ ኮንታክት 30 አምፒር ለ0.2 ሰከንድ መሸከሙ አያስደንቅም። የትሪፕ ኮይልን (ብሬከሩን የሚያስከፍተውን ጥምጥም) ዲሲ ከረንት መቁረጥ ግን አይችልም፤ ያ የብሬከሩ ረዳት ኮንታክት ሥራ ነው። ረዳት ኮንታክቱ ሳይከፈት ትሪፕ ትዕዛዙ ከተለቀቀ የሚቃጠለው የሪሌዩ ኮንታክት ነው።

ሞጁላርነት በደንብ የሚክሰው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ ብቻውን በካርድ ሲቀመጥ ቀሪውን ሳይነኩ ይቀየራል። ካርዶቹ ግን በአብዛኛው ኃይል እያለ የሚነቀሉ አይደሉም። የትሪፕ መስመሩ ይለያል፣ ዲሲው ይጠፋል፣ የእጅ አንጓ ኧርዝ ይታሰራል፣ ከዚያ ካርዱ ይወጣል። ሲበራ የካርዱ ዓይነት ከስሎቱ ጋር ካልተዛመደ ሪሌዩ ራሱን ከሥራ ያወጣል፤ ይህን የሚያሳውቀው የዋችዶግ ኮንታክት ከአላርም ጋር ካልተያያዘ ማንም ሳያውቅ መስመሩ ያለ ጥበቃ ይቀራል። ካርድ ከተቀየረ በኋላ ሰከንደሪ ኢንጀክሽን (ወደ ሪሌዩ የሙከራ ከረንት አስገብቶ መፈተሽ) ግዴታ ነው።

ለትራንስፎርመር ዲፈረንሻል (የሚገባና የሚወጣ ከረንትን የሚያነጻጽር ጥበቃ) እና ብዙ ኢንፑት ለሚጠይቅ መስመር ይህ ንድፍ ተገቢ ነው። አራት ሲቲና ጥቂት ኮንታክት ብቻ ለሚበቃው ኦቨርከረንት ፊደር (ከመጠን ካለፈ ከረንት ብቻ ለሚጠበቅ መስመር) ግን ባለ አንድ ቦርድ ሪሌይ ይመረጣል፤ እያንዳንዱ የባክፕሌን (ካርዶቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው የጀርባ ቦርድ) ማገናኛ ሊዝግ የሚችል አንድ ተጨማሪ ቦታ ነውና። ሞጁላሩን የሚገዛ ከሪሌዩ ጋር አንድ ፓወር ሰፕላይና አንድ አናሎግ ካርድ በዚያው የትዕዛዝ ኮድ አብሮ ይዘዝ።