ሚዮታ 2035፦ ኮይል ከመፈለግ ማሽኑን መቀየር

የኳርትዝ ሰዓት ባትሪ ተቀይሮለትም ካልሄደ ብዙ ጊዜ «ኮይሉ ተቃጥሏል» ይባላል። 1.55 ቮልት ምን ያቃጥላል? ከፀጉር የቀጠነው የኮይሉ ጥቅል ሽቦ የሚበጠሰው ባትሪ ሲወጣ ካቻቢቴ ወይም ወረንጦ አንሸራትቶ ሲነካው ነው፤ አለዚያም ያፈሰሰ ባትሪ በልቶታል። ማረጋገጡ ቀላል ነው፦ ባትሪውን አውጥቶ የኮይሉን ሁለት ጫፎች በቴስተር መለካት። በኪሎኦም ደረጃ የሆነ ቁጥር ካሳየ ኮይሉ ደህና ነው፤ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል።

ከዚያ በኋላ ኮይል ወይም ጥርስ (ባለጥርስ ጎማ) ለብቻው ፍለጋ መርካቶንና ፒያሳን መዞር ትርፉ ድካም ነው። ቢገኝም ከሌላ የቆመ ሰዓት የተነቀለ ነው፤ ስንት ዓመት እንደሠራ የሚነግር የለም። ሦስት ጠቋሚ ላላቸው፣ ቀን ለማያሳዩ ተራ ሰዓቶች የሚሻለው ሙሉ ማሽን፣ ማለትም ጠቋሚዎቹን የሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ክፍል በሙሉ፣ ነው፤ ከእነዚህም የሲቲዝን ኩባንያ የሚያመርተው ሚዮታ 2035 እጅግ ተስፋፍቷል። ፊታቸው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «ጃፓን ሙቭት» የሚል ብዙ ርካሽ ሰዓቶች ውስጣቸው ይኸው ነው። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ ሰዓቱ አይደለም።

ማሽኑ 15.3 በ17.8 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.15 ሚሊሜትር ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው የስህተት ልክ በወር 20 ሰከንድ ወደፊት ወይም ወደኋላ፣ ባትሪውም ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ውስጡ ፕላስቲክ ስላለበት ፈቶ፣ አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ መግጠም ልፋቱን አያክልም። ይህ ጉድለቱ ነው። ግን ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ አያስቆጭም።

ስትገዙ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። አሮጌውን ማሽን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩ። ጠቋሚዎቹ የሚቀመጡበት የመሃል ቱቦ ቁመት በአንድ ቁጥር ሥር እንኳ ይለያያል፤ አጭሩ ወፍራም ፊት ላይ ሲገባ የሰከንዱ ጠቋሚ የሚይዘው አያገኝም፣ ረጅሙ ደግሞ መስታወቱን ይነካል። ሴይኮ የተባለው ሌላ ኩባንያ የሚያመርተው ማሽን፣ ፒሲ21፣ በመጠን ይመስለዋል፤ የአንዱ ጠቋሚ በሌላው ላይ ይገባል ብሎ መገመት ግን አይገባም። በ2035 የሰዓቱ ጠቋሚ ቀዳዳ 1.20፣ የደቂቃው 0.70፣ የሰከንዱ 0.17 ሚሊሜትር ነው። የሰፋ ቀዳዳ ያለው ጠቋሚ ሰዓቱ በተነቀነቀ ቁጥር ቦታውን ይስታል፤ ያኔ ሰው «አዲሱ ማሽን ወደኋላ ይቀራል» ብሎ ይመልሰዋል። ማሽኑ ላይ የሚዮታ ስም ሳይኖር 2035 ብቻ ከተጻፈ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ሊሆን ይችላል።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዘንጉ ላይ ነው። አዲሱ ማሽን ረጅም ዘንግ ይዞ ይመጣል፤ የጎኑ መሙያ (ኳርትዝ ባይሞላም ስሙ አልቀረም) የሚጠመዘዘው በእሱ ጫፍ ላይ ነው። ዘንጉን በአሮጌው ልክ ከለካችሁ በኋላ ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡ፣ ሞክሩ፣ የቀረውን በሞረድ ጨርሱ። አንዴ ያጠረ አይረዝም። ዘንጉ ሲወጣም አይጎተትም፤ መግቢያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ በቀስታ ተጭኖ ነው የሚለቀቀው። በጉልበት ከተሳበ ውስጡ ያለው መያዣ ይዛባና ሰዓት ማስተካከል አይቻልም።

ማሽኑን ከቤቱ ጋር የሚያያይዘውን ፕላስቲክ ቀለበት አትጣሉ፤ ከአዲሱ ጋር አይመጣም። ጠቋሚዎቹን ሦስቱንም 12 ቁጥር ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያ በመሙያው አዙራችሁ 3፣ 6 እና 9 ላይ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ተመልከቱ። የሰከንዱ ጠቋሚ ሲጫን ከታች ጠፍጣፋ ነገር ይደገፍ፤ ጫናው ቀጭኑን ጥርስ ያጣምመዋል።

ባትሪው ኤስአር626ኤስደብልዩ ነው፤ 377 ተብሎም ይሸጣል። በካርድ በብዛት የሚሸጠው ኤጂ4 በመጠን አንድ ቢሆንም አልካላይን ነው፤ ቶሎ ያልቃል፣ ሲያልቅም ያፈሳል። ብዙ አዲስ ማሽን ያበላሸው እሱ ነው። ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ከማሽኑ ጋር የተቀመጠ ባትሪም በአዲስ ይቀየር።

ቀን የሚያሳይ ሰዓት ከሆነ 2035 አይሆንም፣ እንደ ሚዮታ 2115 ያለ ቀን የሚያሳይ ማሽን ነው የሚፈለገው። የቀኑ ቁጥር እስከ 31 ስለሚሄድ በእኛ አቆጣጠር በየወሩ መጨረሻ አንድ ቀን መዝለል፣ ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ እስከ 1 ማዞር ይጠይቃል። በእኛ ሰዓት የሚሞላ ከሆነ ቀኑ የሚቀየረው 12 ላይ ነው፤ የማታው ይሁን የጠዋቱ የሚወስነው አሞላሉ ነው። ጠቋሚዎቹን ቀኑ እስኪዘል አዙሩ፤ ያ ቅጽበት 12 ጠዋት ይሁን፣ ከዚያ እስከ አሁኑ ሰዓት ወደፊት አምጡት። ጠቋሚዎቹ በ9 እና በ1 መካከል ሳሉ ግን ቀኑን በመሙያው አታዙሩ፤ የቀኑን ቀለበት የሚገፋው ጥርስ በዚያ ሰዓት ተጠምዶ ስለሚቆይ ይሰበራል።