የጣት አሻራ ወይስ ዲኤንኤ?

ወንጀለኛን ለመለየት የትኛው ይሻላል? «አሻራው ተገኝቷል» ሲባል ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የማድሪድ ባቡሮች በቦምብ ከተመቱ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) የፈንጂ ማቀጣጠያ በያዘ ከረጢት ላይ የተገኘውን አሻራ «በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው» አለ። ፍርድ ቤት የሾመው ገለልተኛ ባለሙያም ተስማማ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ያህል ታሰረ። የስፔን ፖሊስ ግን አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ደረሰበት። መንግሥት ለጠበቃው 2 ሚሊዮን ዶላር ካሰ።

አሻራው ቁራጭና የደበዘዘ ሲሆን ውሳኔው በባለሙያው ዓይን ላይ ይወድቃል። ዲኤንኤ (በደም፣ በምራቅ ወይም በቆዳ ሕዋስ ውስጥ ያለው የዘር መለያ) እዚህ ላይ ይበልጣል፤ የመገጣጠም ዕድሉን በቁጥር ያስቀምጣል። ተመሳሳይ መንትዮችን በመለየት ግን አሻራ ያሸንፋል።

ዲኤንኤም ጣጣ አለው፤ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ ሟች ጥፍር ላይ ዲኤንኤው የተገኘ ሰው ወራት ታሰረ። ለካስ ሟቹ በተገደለበት ሌሊት እሱ ሆስፒታል ነበር! ሁለቱንም ያነሷቸው የአምቡላንስ ሠራተኞች አንድ ነበሩ።

እኔ ናሙናው ንጹሕ ከሆነ ዲኤንኤን እመርጣለሁ። ሆኖም ሁለቱም መቼና ለምን እዚያ እንደደረሱ አይናገሩም። ቤቱን ሲመላለስበት የኖረ ሰው አሻራው በሩ ላይ ቢገኝ ምን ይገርማል?