«ዙሙ 125 ነው፣ ከፉል ፍሬም ይበልጣል» ሲሏችሁ እንዳትሸወዱ

ሰላም ወገን። ካሜራ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ ሰርግና ልደት እየቀረጻችሁ እንጀራ ልትበሉበት የተነሳችሁ ልጆች፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ።

ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቅ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ያለው ካሜራ ነው። የሻጮቹ ወሬ በየሱቁም በየቴሌግራም ቻናሉም አንድ ነው። «ፉል ፍሬም ምን ያደርግልሃል? ቦዲው ለብቻ፣ ሌንሱ ለብቻ፣ ስትከፍል ልትኖር ነው። ይሄን ውሰድ። ሌንሱ አብሮት ነው፣ ዙሙ 125 ነው፣ ጨረቃን ቤትህ ያስገባልሃል።» ከዚያ ካሜራውን ይዞ ወደ በሩ ያወጣችኋል። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ከአስፋልቱ ማዶ ሕንጻው ጫፍ ላይ የተቀመጠችውን ርግብ ይስብላችኋል። ሌንሱ ዝዝ እያለ እየረዘመ፣ እየረዘመ ይሄድና በመጨረሻ የርግቧ የዓይን ጠርዝ ሳይቀር ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ማን የማይደነግጥ አለ?

ልብ በሉ፣ ዙሙ ውሸት አይደለም። ዕቃውም ፎርጅድ አይደለም። ውሸቷ ያለችው ቀጥላ በምትመጣው ነገር ላይ ነው፦ «ስለዚህ ይሄ ፕሮፌሽናል ነው፣ ከዚያኛው ይሻላል።»

በስም እንነጋገር። እኔ እንዲህ ሲሸጥ የማየው በብዛት ኒኮን ኩልፒክስ ፒ1000 ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋጋው 1000 ዶላር አካባቢ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ፉል ፍሬሙ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ደግሞ ያለ ሌንስ 2000 ዶላር ነበር። እነዚህን ሁለት ካሜራዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «በግማሽ ዋጋ ያውም ከነሌንሱ» ሲላችሁ ሒሳቡ ያምራል። ደግሞ ፒ1000 ግዙፍ ነው፣ ክብደቱ 1.4 ኪሎ ነው። አንገታችሁ ላይ ሲንጠለጠል ከኤ7 ይልቅ የባለሙያ ካሜራ የሚመስለው እሱ ነው። ሰርግ ላይ ዘመድ በካሜራ መጠን ነው የሚያከብራችሁ፣ ሻጩም ይህን ያውቃል።

እስቲ 125 የምትለዋን ቁጥር እንያት። ሌንሱ በሰፊው ሲያይ 24 ሚሊሜትር ነው፣ ሲስብ 3000። 3000ን ለ24 ስታካፍሉት 125 ይመጣል። አለቀ፣ ሌላ ትርጉም የላትም። ሰፊውና ጠባቡ ምን ያህል እንደሚራራቁ ነው የምትናገረው። የሰርግ ባለሙያው የሚይዘው ከ24 እስከ 70 ያለው ሌንስ በዚህ ሒሳብ 3 እንኳ አይሞላም። ሙሽራን ለብቻ ለማንሳት የሚወደደው 85 ሚሊሜትር ደግሞ ጭራሽ ዙም የለውም። ታዲያ 125 ከ3 ይበልጣል ብላችሁ ከገዛችሁ፣ የገዛችሁት ርቀት እንጂ ጥራት አይደለም። አንዳንዱ ማስታወቂያ ላይማ «250 ዙም» ተብሎ ይጻፋል። ያቺ ትርፍ እጥፍ በሌንስ የመጣች አይደለችም፣ ካሜራው ምስሉን ቆርጦ የሚያሳድጋት ናት።

ዋናው ጉዳይ ያለው ማንም አውጥቶ የማያሳያችሁ ቦታ ነው። ሴንሰሩ ላይ። ፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። የፒ1000 ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ያንሳል። በስፋት ስታሰሉት አንዱ 864፣ ሌላው 28 ካሬ ሚሊሜትር። ሠላሳ እጥፍ ልዩነት! ያ ሁሉ ዙም እዚህች ካሜራ ውስጥ ሊገባ የቻለውም ሴንሰሯ ትንሽ ስለሆነች ነው። ሌንሱ ጫፉ ላይ የተጻፈውን አንብቡት፣ 3000 አይልም፣ 539 ሚሊሜትር ነው የሚለው። 3000 የሚባለው በፉል ፍሬም ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ለማጥበብ የሚያስፈልገው ነው።

«ኤፍ 2.8 ነው፣ ያኛውም 2.8 ነው፣ ምን ለያቸው?» የሚል ሻጭም ገጥሞኛል። ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት የሚናገር ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃን ይበዛል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ እውነት ነው። ግን ሴንሰሩ ትንሽ ሲሆን በጠቅላላ የሚሰበሰበው ብርሃን ትንሽ ነው። የፒ1000 ኤፍ 2.8፣ በምስሉ ንጽሕናም ከኋላ ያለውን በማደብዘዝም፣ ፉል ፍሬም ላይ ኤፍ 16 አካባቢ እንደማለት ነው። ያውም ይህ ዙም ሳይደረግ ነው። መጨረሻ ድረስ ሲሳብ ራሱ ኤፍ 8 ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ያ ሙሽራዋ ቁልጭ ብላ ከኋላዋ ያለው ሁሉ የሚሟሟበት ፎቶ፣ ደንበኛ ሁሉ «እንደዚህ አድርግልኝ» ብሎ ስልኩን አውጥቶ የሚያሳያችሁ ፎቶ፣ ከዚህ ካሜራ ብዙ ሜትር ርቃችሁ ካልሳባችሁ በስተቀር አይወጣም። በአዳራሽ ውስጥ ደግሞ ያን ያህል የምትርቁበት ቦታ የት አለ? ወይ ወንበር፣ ወይ ቪዲዮ ቀራጭ፣ ወይ እልል የምትል አክስት መሃል ትገባለች።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ካኖን 6ዲ ከ50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ነበረው። 6ዲ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ፉል ፍሬም ነው፣ ያረጀ ቢሆንም የሚታመን ዕቃ። አንድ ሱቅ ገባ ለባትሪ። «ይቺን አሮጌ ምን ታደርጋታለህ፣ ጨምርና በዚህ ለውጥ» አሉት። ርግቧን አሳዩት። ለወጠ፣ ያውም ብር ጨምሮ! ይሄን ነው እንግዲህ መጥፎ ንግድ የምለው። ፉል ፍሬምና ሌንስ ሰጥቶ፣ ገንዘብ መርቆ፣ ሴንሰሯ ሠላሳ እጥፍ የምታንስ ካሜራ ተቀብሎ ወጣ።

በዚያው ሳምንት አንድ አዳራሽ አብረን ሠራን። ሙሽሮቹ ሲገቡ እንደተለመደው መብራት ደበዘዘ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት መጣ፣ ጭስ ተለቀቀ። የእኔ 85 ሚሊሜትር በኤፍ 1.8 አይሶ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን፣ ሲበዛ ምስሉ ይበላሻል) 1600 ላይ ሲሠራ የእሱ 6400 ደረሰ። ለፒ1000 6400 የመጨረሻው ነው፣ ከዚያ በላይ የለውም። ፎከሱም በጨለማው ወዲያ ወዲህ እያለ የመግቢያውን ግማሽ በላው። ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፈትነው። የሙሽራዋን ፊት ሲያሳድጉት ሽፋሽፍቷና ቅንድቧ ተቀላቅለዋል። ሹሩባዋ አንድ ጥቁር ሆኗል፣ መስመሩ የለም። የቀሚሷ ጥለት ላይ ክሩ ጠፍቶ ቀለሙ ብቻ ቀርቷል። ካሜራው ጫጫታውን (በጨለማ ምስሉ ላይ የሚበተነውን ነጠብጣብ) ለማጥፋት ሲል ዝርዝሩን አብሮ ጠርጎታል። በስልክ ስክሪን ያስኬዳል። አልበም ላይ በሙሉ ገጽ ሲታተም ግን ሙሽራዋ ራሷን አታውቅም።

ልጁ ሱቁ ተመለሰ። የሚሉትን ገምቱ። «ምን ሆነ? አልሠራም? ተበላሸ?» አልተበላሸም፣ ይሠራል። በሩ ላይ አውጥተው እንደገና ርግብ አሳዩት። 6ዲው ግን ተሸጧል።

ጨረቃም እንደዚያው ነው። ጨረቃ በሌሊት ብትታይም የምናያት ፀሐይ ስለበራባት ነው፣ ለካሜራ የቀን ብርሃን ማለት ናት። በፒ1000 አምራ ትወጣለች። የአዳራሽ ሙሽራ ግን ፀሐይ አይበራባትም።

ከሥራ አንጻር ሌላም አለ። ኤ7 ማርክ 3 ሁለት ሜሞሪ ይይዛል፣ አንዱ ቢበላሽ የሰው ሰርግ አይጠፋም። ፒ1000 አንድ ብቻ ነው። ባትሪው በአንድ ቻርጅ 250 ፎቶ ገደማ ነው የተባለለት፣ የኤ7 ደግሞ 700 አካባቢ። ሌንሱ አይፈታም። «ሌላ ሌንስ ይገጠምለታል» ካሏችሁ የሚሰጧችሁ ፊቱ ላይ የምትጠመዘዝ ተጨማሪ መስታወት ናት፣ የምትጨምረው ብዥታ ብቻ ነው። ቀደም ብሎ የወጣው ፒ900 ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ በሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) አያነሳም፣ ከላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታም የለውም። ኪስ የምትገባዋ ካኖን ኤስኤክስ740 ዙሟ 40 ነው፣ እሷም ሮው የላትም፣ ዓይን የሚያስጠጉበት መመልከቻም የላትም። ለሽርሽር ቆንጆ ናት። ለሰርግ ግን በጭራሽ።

አሁን ደግሞ ፍርድ እንዳላዛባ። ፒ1000 የራሱ ቦታ አለው፣ እዚያ ቦታ ላይ ፉል ፍሬሙን ያስንቃል። አንድ የማውቀው አስጎብኚ ወፍ የሚያዩ ቱሪስቶችን ይዞ ዝዋይ፣ አብያታ ሻላ፣ ባሌ ይወጣል። እንግዳው «ያ ዛፍ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ሲለው ጎትቶ ያሳየዋል፣ የወፉን ምንቃር አይተው ስሙን ከመጽሐፍ ይፈልጋሉ። ቀን ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ዓላማው መለየት ነው። ይህን በፉል ፍሬም ልሥራ ቢል የሶኒው ከ200 እስከ 600 ሌንስ ብቻውን ሲወጣ 2000 ዶላር ነበር፣ ክብደቱም ከሁለት ኪሎ በላይ። 600 ኤፍ 4 የሚባለው ሲወጣ 13 ሺህ ዶላር ነበር፣ ወደ ብር ባትመነዝሩት ይሻላል። ያም ሆኖ ሁለቱም 3000 አይደርሱም። ለእሱ ትክክለኛ ዕቃ ነው የገዛው። በእርግጥ እኩለ ቀን ላይ ሐይቅ ዳር መጨረሻ ድረስ ሲሳብ በሙቀት የሚርገበገበው አየር ራሱ ምስሉን ያወዛውዘዋል፣ ማለዳ ካልወጡ በቀር።

ካሜራው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለማይሆን ሥራ፣ ባልሆነው ስም ነው እየተሸጠ ያለው።

ከዚህ የባሰውን በአጭሩ ልንገራችሁ። «48 ሜጋፒክስል፣ ፎር ኬ፣ 16 ዙም» የሚል ስሙ ያልታወቀ ካሜራ በርካሽ ይዞራል። ዙሙ በሙሉ ዲጂታል ነው፣ ሜጋፒክስሉም ብዙውን ጊዜ ትንሽ ምስል ተነፍቶ የመጣ ነው። ስልካችሁ ይበልጠዋል። ስለሱ ብዙ አላወራም።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ሜሞሪ ይዛችሁ ሂዱ። በር ላይ አትሞክሩ፣ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ሱቁ ጥግ ላይ መብራት የማይደርስበት ቦታ ጓደኛችሁን አቁሙት። ፍላሽ አጥፉና ፊቱን በትንሽ ዙም አንሱት። ከዚያ እዚያው ያለውን ፉል ፍሬም በማንኛውም ርካሽ ሌንስ ይዛችሁ ያንኑ ፊት አንሱ። ከኋላ ያለውን ስክሪን አትመኑ፣ በዚያች ትንሽ መስኮት ሁሉም ፎቶ ያምራል። ቤት ወስዳችሁ ኮምፒውተር ላይ በሙሉ መጠኑ እዩት፣ ጸጉሩንና ሽፋሽፍቱን። ሻጩ «ሜሞሪ ማስገባት አይቻልም» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ብር ካነሰ ያገለገለ ፉል ፍሬም ፈልጉ፣ የ2018ቱ ኤ7 ማርክ 3 እንኳ ዋጋው በደንብ ወርዷል። ከ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ጋር ይበቃችኋል። እሱም የራሱ ወጥመድ አለው። «ስላይትሊ ዩዝድ» የተባለ ሁሉ ስላይትሊ አይደለም። ስንት ጊዜ እንዳነሳ ቁጥሩን አስወጡ፣ የኤ7 ማርክ 3 ሹተር (ፎቶ በተነሳ ቁጥር የሚከፈትና የሚዘጋው ክፍል) የተሞከረው ለ200 ሺህ ጊዜ ነው። ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ፣ ሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻና ጭረት ይወጣል። ባትሪው ኦሪጅናል መሆኑን እዩ። የተነገራችሁ ዋጋ የቦዲ ብቻ ይሁን ከነሌንሱ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረሰኝ ላይ አትዘናጉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ችግሩ ፒ1000 ጉድለት የለበትም፣ እንደተሠራው ይሠራል። የጎደለው በአፍ የተነገራችሁ ነገር ነው፣ አፍ ደግሞ ደረሰኝ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ሻጩ «ፉል ፍሬም ነው» ወይም «እኩል ነው» ካላችሁ ያንኑ ከነሞዴሉ ሙሉ ስምና ከመለያ ቁጥሩ ጋር እንዲጽፍ አድርጉት። «ካሜራ ብቻ ብለን እንጻፈው፣ ምን ያደርግልሃል» ካለ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱና ውጡ፣ ቀጥሎ ባለው በርም ካሜራ ይሸጣል።