ደሴ ውስጥ የሩጫ ጫማ የሚሰፋ ሰው ለምትፈልጉ

ደሴ ላይ ሩጫ የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጫማ ከየት እንደምገዛ ነው። እኔ ግን ቀድሜ የምነግረው ስለ ጫማ ሰፊዬ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆች በአንዱ በረንዳ ላይ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። የሩጫ ጫማ እንደ እሳቸው የገባው ሰው በዚህ ከተማ አላየሁም። ታፔላ የላቸውም። አካባቢው ደርሳችሁ «የስፖርት ጫማ የሚሰፉት ጋሼ የት ናቸው?» ብትሉ ልጆቹ ራሳቸው ይወስዷችኋል።

እኔ ክለብ የለኝም። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆሜ እውላለሁ፤ የምሮጠው ማለዳ ከሥራ በፊት ነው፣ ረጅሙን ደግሞ እሁድ። አሁን ሐዋሳ ላይ ለሚሮጠው ግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀሁ ነው። ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ ይራመዳል። ሁለት ሰዓት ለሚፈጅባት እንደ እኔ ላለች ሴት ይህ ወደ 20,000 ጊዜ መሬት መምታት ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ምት ደግሞ የሰውነትን ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጎ ነው እግር ላይ የሚያርፈው። ስለዚህ የጫማ ነገር ለእኔ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ጉልበቴንና ቁርጭምጭሚቴን የማምነው በእሱ ነው።

የደሴ መሬት ደግሞ ለጫማ አይራራም። ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠ ከተማ ስለሆነ ከቤት እንደወጣችሁ የሚጠብቃችሁ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን የሶሉን ጎማ ጠርዝ ጠርዙን ይልጠዋል። ቦሩ ሜዳ ደረቅ ሲሆን ለእግር የሚስማማ መሬት ነው፤ በልግ ወይም ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው ሶሉን ይዞ ስለሚጎትት ጫማው ከፊት በኩል መሳቅ ይጀምራል። ከሁሉም የሚብሰው ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ይህን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ አስፋልት ነው የምንወርደው። ወደ ኮምቦልቻ የምወርደው አየሩ ስለሚሻል ነው፤ ደሴ ላይ እምቢ የሚለኝ ፍጥነት እዚያ ይታዘዘኛል፣ ሐዋሳም በከፍታ ከኮምቦልቻ ብዙም አትርቅም። ቁልቁለቱ ላይ ግን እግር ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ አውራ ጣት ጫፉን እየመታ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ የተረከዙም የውጭ ጠርዝ ቶሎ ይበላል።

አብዛኞቻችን የምንሮጠው በሳልቫጅ ጫማ ነው። አዲስ የሩጫ ጫማ፣ ትክክለኛው፣ ከአንድ ወር ደመወዜ በላይ ነው። ሳልቫጁ ግን ከውጭ መጥቶ፣ በቦንዳ ታስሮ፣ መጋዘን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደከረመ አይታወቅም። ላዩ አዲስ መስሎ ማጣበቂያው ደርቆ የሚገኝ ብዙ ነው። በሳምንቱ ሶሉ ከፊት ይለቃል። ከዚያ ጠጋኝ ፍለጋ ነው።

ጋሼን ከማግኘቴ በፊት ሌላ ቦታ አሠርቼ ነበር። በሱፐር ግሉ ለጥፈው በአምስት ደቂቃ ሰጡኝ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ መስታወት ይጠጥራል፤ የሩጫ ጫማ ደግሞ ከጣቶቹ ሥር በየእርምጃው ይታጠፋል። ቦሩ ሜዳ ሳልደርስ ተሰነጠቀ፤ የተረፈው ደረቅ ማጣበቂያም ካልሲዬን አልፎ እግሬን ልጦታል።

ጋሼ ጋ ስትሄዱ ጫማውን ተቀብለው ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ያዩታል። መጀመሪያ ሁለቱን ጫማ ጎን ለጎን ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ያስቀምጡና ዝቅ ብለው ከኋላ ያያሉ፤ የትኛው ወደየት እንዳዘነበለ በዚያ ይለያሉ። ቀጥለው ከሶሉ ጎማ በላይ ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ይለቁታል። ስፖንጁ ተመልሶ ከተነሳ ይቀበሉታል። የተጨማደደው መስመር እንደተጨማደደ ከቀረ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዴ በጣም የምወደውን ሰማያዊ ጫማ ይዤ ሄጄ፣ ላዩ ንጹሕ፣ ሶሉ ከጫፉ ብቻ የለቀቀ፣ እንዲህ አሉኝ፦

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ሞቷል። ብሰፋው ብርሽን በላሁ ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ ለአንድ ወር ብቻ እንኳ?»

«ለወሩ ብዬ ጉልበትሽን ላስይዝ? ለገበያ አድርጊው። ለመሮጫ ሌላ ፈልጊ፣ አብሽሪ፣ አላህ ያመጣልሻል።»

ትክክል ነበሩ። የሩጫ ጫማ ስፖንጅ በአብዛኛው ኢቪኤ ከሚባል ነገር ነው የሚሠራው። ውስጡ በጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በምት ብዛት ሲደፈጠጡ ላዩ ሳይጎዳ ውስጡ ያልቃል። አሠልጣኞችም ጫማ ሠሪዎችም ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ብለው ነው ዕድሜውን የሚገምቱት። በሳልቫጅ የገዛነው ጫማ ግን ስንቱን ኪሎ ሜትር ሌላ ሰው እግር ላይ እንደጨረሰው ማንም አይነግረንም። ስለዚህ የእሳቸው አውራ ጣት ትልቅ ነገር ነው። ሊወስዱት የሚችሉትን ገንዘብ አልወስድም የሚል ባለሙያ እኔ ቶሎ አልረሳም። አሁን ሳልቫጅ የምገዛ ቀን መጀመሪያ የማደርገው እሳቸው ያስተማሩኝን መጫን ነው።

ከተቀበሉት በኋላ ያለው ሥራ ረጋ ያለ ነው። የለቀቀውን ሶል እስከሚይዘው ድረስ ይከፍቱታል፤ «ግማሽ የያዘ፣ ያልያዘ ነው» ይላሉ። የድሮውን ማጣበቂያ በሞረድ ይፍቁና በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል። ማስቲሹን በሁለቱም ወገን በስሱ ቀብተው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል፤ አይቸኩሉም። ጣት ሲነካው የማይለጠፍበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው የሚገጥሙት፣ ከዚያ እግር የሚመስለው ብረት ላይ አጥልቀው ከመሃል ወደ ዳር በመዶሻ ይመቱታል። ወስፌው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ክሩን በሰም እየሳቡ የሚሰፉት የጣቱን ዙሪያና ሁለቱን ጎን ብቻ ነው። ዙሪያውን ሁሉ እንዲሰፉልኝ ብጠይቅ እምቢ አሉ። ስፖንጅ ላይ ክር ከጠበቀ እንደ ቢላ ይቆርጠዋል፣ ደግሞም በየቀዳዳው ውሃ ይገባል። ይህን ያወቁት ስንቱን ጫማ ሰፍተው እንደሆነ እንጃ፤ ዘወትር ሩጫ የሚያዘወትሩ ልጆች ስለሚመላለሱባቸው ይመስለኛል።

ለእኔ ከሠሩልኝ ሁሉ የምወደው ግን ትንሹን ነገር ነው። የሩጫ ጫማ ላይ ከማሰሪያው ረድፍ ወጣ ብላ፣ ወደ ቁርጭምጭሚት ጠጋ ያለች አንዲት ትርፍ ቀዳዳ አለች። ብዙ ሰው አይጠቀምባትም። ማሰሪያውን በእሷ አሾልኮ በየጎኑ ጉትዬ፣ ማለትም ትንሽ የክር ቀለበት፣ ሠርቶ፣ የተቃራኒውን ጫፍ በጉትዬው ውስጥ አሳልፎ ሲስቡት ተረከዝ ከኋላ ይያዛል፣ እግርም ወደ ፊት አይሄድም። ሐረጎን ለምትወርዱ ሁሉ ይህን እመክራለሁ፤ ጥፍሬን ያዳነው ይህ አስተሳሰር ነው። የእኔ ጫማ ላይ ግን ቀዳዳዋ ተቀድዳ ነበር። ጋሼ ከውስጥ በኩል ቀጭን ቆዳ ደርበው የብረት ቀለበት ገጠሙላት፤ ጫማው በሌላ ነገር ካላለቀ በስተቀር እሷ አትላቀቅም።

ተረከዙ በውጭ በኩል ለተበላባቸው ጎማ ይለጥፋሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሚለጥፉት ጎማ ጠንካራ ነው፣ ኮብልስቶኑን ይችላል፣ ግን ይከብዳል። ከጎናቸው ካለው የቅመም ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ሳየው አንዱ ጫማ 40 ግራም ያህል ጨምሮ ነበር። እግር ላይ የተጨመረ ክብደት በየእርምጃው ስለሚነሳ፣ ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ ጭኔ ላይ በደንብ ይታወቀኛል። ለዘወትር ልምምድ እሺ፣ ለውድድር አልመርጠውም።

ስፖንጁ ውስጥ ጠንካራ የካርቦን ሰሌዳ ያለበትን የውድድር ጫማ አይነኩም። አንድ ልጅ ይዞላቸው መጥቶ አገላብጠው አይተው፣ በጣታቸው ተጭነው፣ «ይሄ ለወስፌ የተሠራ አይደለም» ብለው መልሰውለታል። ልክ ናቸው፤ ስፖንጁ እጅግ ለስላሳ ነው፣ ወስፌውም ሰሌዳው ላይ ይቆማል። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 የገባችበት የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ብቻ ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር፣ ሠሪዎቹም ለአንድ ማራቶንና ለመለማመጃ ያህል ነው ያሉት። በዚያች ሰዓት ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ደስ ይለኛል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ነበር የገባው፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2:12:11። ትዕግሥት ከሁለቱም ቀድማ ገብታለች። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው መዶሻቸውን አስቀምጠው «ሴት ልጅ? ከአበበ?» ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ ፊታቸው ሁሉ በርቶ ነበር።

ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ቀጠሮአቸው አይታመንም፤ «ነገ» ካሉ ከነገ ወዲያ በሉት። ከረጅም ሩጫ በፊት ባለው ቀን ከሄዳችሁ ያለ ጫማ ልትቀሩ ትችላላችሁ። ዝናብ ከጣለ በረንዳው ስለሚያፈስ አይሠሩም፣ ማስቲሹም በእርጥብ አየር በደንብ አይደርቅም፤ ክረምት ላይ የሠሩልኝ እንደ በጋው አልቆየም። የላዩን ወንፊት ጨርቅ ሲቀደድ በቆዳ ነው የሚደርቡት፣ ትንሿ ጣት ላይ ይፈገፍጋል። ያንን ሥራ ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ በስስ ጨርቅ ነው ያሠራሁት፣ የተሻለም ሆነልኝ። የክር ቀለም ምርጫም የለም፣ ጥቁር ነው ወይም ነጭ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሁለቱንም ጫማ ከፍተው ለጥፈው ከፊትና ከጎን ሲሰፉ 250 ብር ከፍያለሁ፤ ለተረከዝ ጎማ 150፣ ለቀዳዳዋ ቀለበት 30። ቀለበቱን መጀመሪያ በነፃ ነበር ያሉኝ፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ዋጋ አታስወርዷቸው እላለሁ። ከሥራው ድካም አንፃር የሚጠይቁት ትንሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ የሚያጠፉትን ሰዓት እዚያው ተቀምጬ አይቻለሁ።

ስትሄዱ ጫማውን አጥባችሁ፣ በጥላ ሥር በደንብ አድርቃችሁ ውሰዱ፤ ጭቃ ያለበትን አይነኩም። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታድርቁት፣ ሙቀቱ የቀረውን ማጣበቂያ ያለቅቀዋል። ውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ማሳደሩ ይሻላል። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ የገጠሩ ጫማ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሂዱ። ደግሞ የት እንደምትሮጡበት ንገሯቸው። ለሐረጎ ነው ስትሏቸው ተረከዙን፣ ለቦሩ ሜዳ ጭቃ ነው ስትሏቸው ደግሞ የጣቱን ዙሪያ አጥብቀው ነው የሚይዙት። ከተቀበላችሁ በኋላ ያንኑ ዕለት አትሩጡበት፤ ማስቲሹ አንድ ሌሊት ይደር።