ወጣቱ ኤልቪስ፦ መድረክ ወይስ ፊልም?

አሜሪካዊውን የሮክ ዘፋኝ ወጣቱን ኤልቪስ ፕሪስሊን ለማወቅ መድረኩ ይሻላል ወይስ ፊልሙ? እኔ ያለ ማመንታት መድረኩን እላለሁ።

ጁላይ 30 ቀን 1954 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ፣ ኦቨርተን ፓርክ የተባለው መናፈሻ። ልጁ ገና 19 ዓመቱ ነው፤ ፍርሃት ይዞታል። እግሩ ከምቱ ጋር ሲንቀጠቀጥ ሰፊው ሱሪው አብሮ ይርገበገባል። ልጃገረዶቹ ቦታውን በጩኸት አቀለጡት። እሱ ግን ለምን እንደሚጮሁ መጀመሪያ አልገባውም ነበር! ይህን የትኛው የፊልም ደራሲ ይጽፈዋል?

በ1956 የመጀመሪያ ፊልሙ «ላቭ ሚ ቴንደር» ወጣ። መሪ ተዋናዩ እሱ አልነበረም፤ ዘፈኖቹም ታሪኩ ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ። በ1957ቱ «ጄልሃውስ ሮክ» ግን ነገሩ ተቀየረ። የእስር ቤቱ ጭፈራ የተቀናበረው ከራሱ የመድረክ እንቅስቃሴ ተነስቶ ነው። ለዚህ ነው ዛሬም የሚያስደስተኝ።

በ1958ቱ «ኪንግ ክሪዮል» ትወናውም በስሏል። እዚያ ካሜራው ተጠግቶ ዓይኑን ያሳየናል፤ መድረክ ላይ ከኋላ የቆመ ሰው ይህን አያገኝም።