የጥቁር ስንዴ ዱቄት፦ ዳቦው አሪፍ ነው፣ ገበሬውስ?

ሰፈራችን ስለተከፈተው «የድሮ እህል» ሱቅ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልጻፈው። ባጭሩ፣ የጥቁር ስንዴ ዱቄቱን ግዙ፣ ቅንጬውን በተለይ ግዙ፣ ማሩን ተዉት። ማሩ የትም በርካሽ የምታገኙት ነው።

ጥቁር ይባል እንጂ ፍሬው ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይሄዳል። ሰብራችሁ ብታዩት ውስጡ ነጭ ነው፣ ቀለሙ ያለው ቅርፊቱ ላይ ነው። ሱቁ ፉሩሽካውን ሳይነፋ ስለሚያስፈጨው ዱቄቱ ቡናማ ይላል። ውሃ በደንብ ይጠጣል። ሊጡ ግን እንደ ፉርኖ ዱቄት አይለጠጥም፣ ብዙም አይነፋም፤ ስለዚህ ለኬክና ለበርገር ዳቦ የፈለጋችሁ አትድከሙ። ለድፎ ዳቦ ግን፣ ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርጋችሁበት በኮባ ከጋገራችሁት፣ ሽታው ጎረቤት ይጠራል። ቅንጬው ደግሞ ፍሬ ፍሬውን ሆኖ ይቆማል፣ ወደ ገንፎ አይለወጥም፣ ቅቤ ሲነካው በቃ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከረጢቱ ላይ የላሊበላ ስዕል አለ፣ «የአባቶቻችን ምግብ» የሚል ጽሑፍ አለ። የት እንደተመረተ፣ ማን እንዳመረተው፣ መቼ እንደተፈጨ ግን የለም። ከነፉሩሽካው የተፈጨ ዱቄት ቶሎ ስለሚበላሽ ቀኑ እንኳ ሊጻፍ ይገባ ነበር። ሻጩን ልጅ «ገበሬው በስንት ነው የሚሸጥላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሱ እንግዲህ የነጋዴ ሚስጥር ነው ጋሼ» ብሎ ሳቀ።

ለምን ትጨቀጭቃለህ ትሉኝ ይሆናል። ይህ ዘር ግን ዝም ብሎ እዚህ አልደረሰም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ጭምር በልቶ ጨርሷል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ እየጠፋ የነበረውን የአገር ዘር ከየገበሬው እየሰበሰበ አስቀመጠ፣ ቆይቶም ከገበሬዎች ጋር መልሶ ማሳ ላይ ማባዛት ጀመረ። ሰውየው ለዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

የአገር ዘር ጥቅሙ ደግሞ ለትዝታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ሲነሳ በሰፊው ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለ የምርጥ ዘር ስንዴ ክፉኛ ተመታ። ገበሬው ዲገሉ ወደሚባለው ዞረ፣ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ እሱን ደግሞ ሌላ ዓይነት ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ አገኘው። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ዘር ሲዘራ በሽታም ሥራው ይቀልለታል። የድሮ ገበሬ እኮ አንድ ማሳ ላይ ቀላቅሎ ይዘራ ነበር፣ አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲተርፍለት።

ምርጥ ዘር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ምርቱ ይበልጣል። የድሮው ስንዴ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ማዳበሪያ ሲበዛበት ይጋሽባል፣ ማለትም መሬት ላይ ይተኛል፣ ገበያ ላይም ነጩ ይመረጣል። ስለዚህ ጥቁሩን የሚዘራው ገበሬ ብዙውን ጊዜ ለቤቱ ዳቦና ለጠላው ትንሽ ያስቀራል እንጂ ሰፊ ማሳ አይሰጠውም። እኔ እዚህ ከፉርኖ ዱቄት እጥፍ በላይ ስከፍል ጭማሪው መሐል መንገድ ላይ ከቀረ፣ እሱ ምን በወጣውና የሚያዋጣውን ትቶ ይህንን ይዘራል? ሱቁ ለገበሬው የከፈለውን ዋጋ ከረጢቱ ላይ ቢጽፍ፣ በላሊበላው ስዕል ፈንታ፣ እኔ አሁን ከምከፍለው በላይም አይከብደኝም።

እስከዚያው በትንሽ በትንሹ ግዙ፣ ዱቄቱን ከመያዛችሁ በፊት አሽትቱት። ቅንጬው ቶሎ ስለሚያልቅ ቅዳሜ ጠዋት ሂዱ። በቴሌብር ይቀበላሉ።