ሐኪሟ የተጠራችው ለውሻው ነበር

ሠላሳ አንድ ዓመት በሒሳብ ሥራ ላይ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ደረሰኝ የማይሰጥ ቤት አልወድም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማመሰግናቸው ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ደረሰኝ ስላልሰጡኝ ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ እንስሳት የሚያክሙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪምና አንድ ረዳት፣ ከአንዲት አሮጌ ቪትዝ መኪና ጋር። ባለፉት ስድስት ወራት አምስት ጊዜ ኮተቤ ቤቴ ድረስ መጥተዋል። ምስጋናም ወቀሳም ስላለኝ ስማቸውን አልጽፍም፤ የምመዝነው አገልግሎቱን ነው።

ውሻው መቻል ይባላል። ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ተራ የአበሻ ውሻ ነው። ስሙን ያወጣችለት ባለቤቴ ናት፤ ውሻውም የእርሷ እንጂ የእኔ አልነበረም። እኔ ውሻ አልወድም ነበር፤ ምክንያትም ነበረኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ የማላውቀው ውሻ ባቴን ነከሰኝ። አያቴ ቅጠል ለጠፈችበት፤ አባቴ በማግስቱ እየጎተተ ፓስተር ወሰደኝ። የዛሬ ልጆች ቦታውን የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሉታል። ለእኛ ዘመን ሰው ግን ፓስተር ማለት በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሻ ባየሁ ቁጥር የሚያመኝ ባቴ ሳይሆን እምብርቴ ነው።

ስለዚህ በቤታችን የተደረሰው ስምምነት ግልጽ ነበር። ውሻው ቀን ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፤ ማታ እኔ ከገባሁ በኋላ ይፈታል። የምታስረውም የምትፈታውም እርሷ ነበረች።

ባለቤቴ ባለፈው ጥቅምት አረፈች። ድንኳኑ ፈርሶ፣ አርባዋ ወጥቶ፣ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ መቻል መብላት አቆመ። እኅቴ በየሁለት ቀኑ እየመጣች ድርቆሽ በሳንባ ቀቅላ ታቀርብለታለች፤ አሽትቶ ይተወዋል። በአራተኛው ቀን ሌሊት መጮኽም ተወ። ጅብ ከተራራው ወርዶ ቆሻሻ በሚያገላብጥበት ሰፈር ድምፅ የሌለው ውሻ ይዞ ማደር አይመችም። ለእንስሳው አዝኜ ሐኪም ጠራሁ ብል እዋሻለሁ፤ የጠራሁት ለጥበቃው ብዬ ነው።

ሦስት ሰዓት ቀጥረውኝ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሱ። የነዳጅ ሰልፍ ነው አሉ። ይሁን፤ ስልክ ግን ነዳጅ አይፈልግም።

ሐኪሟ ውሻውን ከማየቷ በፊት የሰው ሚዛን እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ለስኳር ሕመሜ ስትል የገዛችው፣ እኔ ግን ወጥቼበት የማላውቀው ሚዛን ነበር። ለካ የውሻ ክብደት በየቤቱ የሚለካው ሰው አቅፎት ሚዛን ላይ ወጥቶ ነው፤ ከዚያ የሰውየው ክብደት ይቀነሳል። ረዳቱ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል መቻል ጥርሱን አሳየው።

«ጋሼ፣ እርስዎን ያውቅዎታል፤ እርስዎ ይቀፉት» አለችኝ።

ስድስት ዓመት አንድ ግቢ ስንኖር እጄ አርፎበት አያውቅም። ደግሞስ በሁለት ወጣቶች ፊት ፈራሁ ይባላል? አቀፍኩት። ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ነበር፤ አጥንቱ ይቆጠራል። ልቡ መዳፌ ላይ ሲደልቅ ይሰማኛል፤ ከእኔ ይልቅ የፈራው እርሱ ነበር። በካርዱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ተጻፉ፤ ሁለታችን 98 ኪሎ፣ እኔ ብቻዬን 84፣ መቻል 14።

ምርመራው ጥድፊያ አልነበረበትም። ድዱን ገልጣ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች፤ የዓይኑን ቆብ ገለበጠች፤ ትኩሳቱን ለካች። ከጆሮው ውስጥ አሥራ አንድ መዥገር በወረንጦ ነቅላ አልኮል ውስጥ ጨመረች። አሥራ አንድ መሆኑን ቆጥሬያለሁ። በጣት መጨፍለቅ እንደማይገባም ነገረችኝ። አንገቱ ጋ ስትደርስ ዝም አለች። ሰንሰለቱ ያረፈበት ቦታ ፀጉሩ ተመልጦ ቆዳው እንደ አሮጌ ጫማ ደርቋል፤ በአንድ በኩል መግል ይዟል። ምንም ሳትናገር አጥባ መድኃኒት ቀባችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሆዱም ጥርሱም ደህና ነው» አለች በመጨረሻ። «ድሮ የት ነበር የሚበላው?»

ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለውን ደረጃ አሳየኋት። ባለቤቴ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምሳዋን ትበላ ነበር፤ ውሻው ከእግሯ ሥር።

«እርስዎስ የት ነው የሚበሉት?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ከአርባዋ ወዲህ ቆሜ ነበር የምበላው፤ ያውም ከበላሁ። የጻፈችልኝ ማዘዣ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከመዥገርና ከሆድ ትል መድኃኒት በታች በአማርኛ እንዲህ ይላል፤ «በቀን ሁለት ጊዜ በርጩማው ላይ ተቀምጠው አብረው ይብሉ። ወጥ አይስጡት።»

የወጡ ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሱን ይሰብርበታል። ጥሬም ሆነ የበሰለ ልዩነት የለውም። የእኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ሌላ ምን አለው? የተረፈ ፍትፍት ለውሻ መድፋት ቸርነት የሚመስለን ሁሉ እንወቀው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ስለሚወጋ ክልክል ነው።

ማዘዣውን ለመፈጸም አፍሬ ነበር። የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ከማድ ቤት ጀርባ ተቀምጦ ከውሻ ጋር ሲበላ ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል? በመጀመሪያው ቀን እኔ ሦስት ጉርሻ በላሁ፤ እርሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሁለተኛው ቀን ሳኝክ አፌን እያየ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ሳህኑን በአፍንጫው እየገፋ እግሬ ሥር አደረሰውና እዚያው ጎንበስ ብሎ መብላት ጀመረ። እኔም ሳላስበው ሙሉ እንጀራ ጨርሻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳ ዘልዬ አላውቅም፤ ብዘልስ ማን ያስችለኛል? ስድስት ሰዓት ሲሆን መጥቶ በሩን በእግሩ ይቧጥራል።

በሁለተኛው ጉብኝት የሰንሰለቱ ነገር ተነሣ። አጥሬን ዞራ አየች፤ በሩን ከፍታ ዘጋች። «አጥሩ ደህና ነው፤ በሩም ይዘጋል። ታዲያ ሰንሰለቱ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ደመወዝ እየተከፈለው ሥራ የሌለው ሠራተኛ ማለቷ ነው። ወዲያው ፈታሁት። በምትኩ ሰፊ የጨርቅ ማንገቻና ገመድ አስገዛችኝና ጠዋት ጠዋት ሠላሳ ደቂቃ ይዤው እንድወጣ አዘዘች።

የእኔ ሐኪም «ሠላሳ ደቂቃ ይራመዱ» ሲለኝ አምስት ዓመቱ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እሺ እያልኩ ወጥቼ አላውቅም። ውሻ ግን ነገ የሚባል ቀጠሮ አይገባውም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገመዱን በአፉ ይዞ ደጃፍ ይቆማል። ዝናብ ነው ቢሉት አይሰማም፤ ጉልበቴን አሞኛል ቢሉት ጅራቱን ይቆላል።

በኮተቤ መንገድ ውሻ በገመድ ይዞ መሄድ ትርዒት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆች ድንጋይ አነሡ፤ አንዲት ሴትዮ አማትበው መንገድ ተሻገሩ። በሁለተኛው ሳምንት «ይናከሳል?» የሚል ጠያቂ በዛ። በሦስተኛው ወር ላይ የሰፈሩ ልጆች «የመቻል ባለቤት» ይሉኝ ጀመር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር ስሜን የጠየቀኝ ልጅ አልነበረም። ጎረቤቴ ሐጂ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ያልፉናል፤ የውሻ ምራቅ ከነካቸው መታጠብ ግድ ይሆንባቸዋል። ነገር ግን በጫማው ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ስላጠጣውና ምሕረት ስላገኘው ሰው ያጫወቱኝም እርሳቸው ናቸው። በበራቸው ሥር ውኃ የሞላ ጣሳ ማኖር ከጀመሩም ቆይተዋል። እኔም በበኩሌ መጽሐፈ ጦቢትን አነሣሁላቸው፤ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሲጓዝ ውሻው ተከትሏቸዋል። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ ከሰው ጋር ያደረግሁት ረጅሙ ጨዋታ ይህ ነበር።

ሐኪሟ ወሬ ትወዳለች፤ ጥፍር እየቆረጠች ታስተምራለች። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጃፓን ተመራማሪዎች ውሾችንና ባለቤቶቻቸውን ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ተከታትለው፣ ረጅም ጊዜ በተያዩት ዘንድ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን በሁለቱም ሽንት ውስጥ ጨምሮ አገኙት። እናት ስታጠባ የሚመነጨው ያው ሆርሞን ነው። ይህን ስሰማ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ከነከነኝ። እኔ በማውቀው መዝገብ አንዱ ጋ ዴቢት ከተጻፈ ሌላው ጋ ክሬዲት ይጻፋል፤ ሰጪው ይጎድልበታል። ሁለቱም ወገን ገቢ የሚያደርጉበት መዝገብ ቢቀርብልኝ ኖሮ ኦዲተር እጠራ ነበር።

ሌላም ነገረችኝ። በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 የወጣ የስዊድን ጥናት ከ3.4 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ፣ ውሻ ያላቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ብቻቸውን በሚኖሩት ላይ ነው። እዚህ ላይ አልተስማማሁም። ውሻው ሰውየውን ጤነኛ አደረገው ወይስ መራመድ የሚችል ጤነኛ ሰው ነው ውሻ የሚያሳድገው? «ጥናቱም ያንን አልቆረጠም» ብላ ሳቀች። የራሴን ቁጥር ግን አልክድም፤ ሳልበላ የሚለካው ስኳሬ በታኅሣሥ 178 ነበር፣ በግንቦት 139 ሆነ። መድኃኒቴ አልተለወጠም። የተለወጠው እግሬና ምሳዬ ነው።

ክትባቱን በተመለከተ አልደራደርም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይሞትበታል ይላል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ። በአንድ አካባቢ ካሉ 100 ውሾች 70ዎቹ ከተከተቡ መተላለፉ ይገታል። ሰው ከተነከሰ ደግሞ ወደ ጤና ተቋም ከመሮጡ በፊት ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብ አለበት፤ ቅጠል አይደለም፣ አያቴ ነፍሷን ይማረውና። የመቻል ካርድ ላይ ማኅተም ሲያርፍ ያቺን የፓስተር መርፌ አሰብኳት። የ500 ብር ክትባት ያን ጊዜ ያ ውሻ ላይ አርፎ ቢሆን ስንት ሌሊት እተኛ ነበር?

ሒሳቡን እንዝጋ። ቤት ድረስ መምጫ 800፣ ክትባት 500፣ የሆድ ትል 250፣ የመዥገር 400፣ የመጀመሪያው ቀን በድምሩ 1,950 ብር። ውድ አይደለም፤ ደረሰኙን ግን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። ከአምስቱ ቀጠሮ በሰዓቱ የመጡት አንዱን ብቻ ነው። በሦስተኛው ጉብኝት ረዳቱ አንድ ጥፍር አሳጥሮ ቆርጦ አደማው፤ ይቅርታ ጠይቋል፣ መቻል ግን እስካሁን አልተቀበለውም። ከውጭ የመጣ የደረቅ ምግብ ከረጢት ሊሸጡልኝ መሞከራቸውንም አልወደድኩም፤ ለጡረተኛ የሚቀርብ ዋጋ አልነበረም። እምቢ ስል ግን ሐኪሟ ራሷ ሳንባ፣ ሩዝና ካሮት እንዴት እንደሚመጠን ጽፋ ሰጠችኝ። እሑድና ሌሊት ስልክ አያነሡም፤ ውሻችሁ በዚያ ሰዓት ከታመመ ሌላ ቁጥር ያዙ። ከአሥር ሰባት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። የጎደለው ሁለት ተኩል በሙሉ የረዳቱና የሰዓቱ ነው።

ባለፈው ግንቦት ለአምስተኛ ጊዜ መጡ። ሚዛኑን አወጣሁ፤ አሁን መቻል ሲያየው ራሱ እየመጣ ለመታቀፍ ይቆማል። ሁለታችን 96.5፣ እኔ 79፣ እርሱ 17.5። ማታ ቁጥሮቹን መዝገቤ ላይ ሳስተያይ አንድ ነገር አላስተኛኝ አለ። እኔ የቀነስኩት 5 ኪሎ፣ እርሱ የጨመረው 3.5። አንድ ኪሎ ተኩል የት ገባ? ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተወራረደ ሒሳብ አሳድሬ አላውቅም። ተነሥቼ ካርዱን ደግሜ አየሁ፤ የመጀመሪያው ቀን ታኅሣሥ ነው፣ ብርድ ነበር፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነበር የወጣሁት። ካፖርቱን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ሚዛኑ ላይ ጣልኩት። አንድ ኪሎ ተኩል።

ስለዚህ ሐኪም ስትጠሩ ካፖርታችሁን አውልቁ።